የአዞ እንባ በዓባይ ዳር

በካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ዲስኩር



ዓርብ የእናንተ ቀን ናት። ልብሳችሁን የምታጥቡባት፣ አገር ቤት የምትደውሉባት፣ ወገባችሁን የምታሳርፉባት ቀን ናት። ከእሷ ላይ ቀንሳችሁ እዚህ ሖሽ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ስለ ቋንቋ ልትሰሙ መምጣታችሁን እንደ ቀላል ነገር አላየውም። ከጅሬፍና ከደይም ድረስ በረክሻ አቧራ እየጠጣችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁም አውቃለሁ። ቡናው ገና እየተቆላ ነው። እስኪፈላ ድረስ አንዲት የእንግሊዝኛ አባባል ይዘን እንቆያለን።

አባባሏ «ክሮኮዳይል ቲርስ» ትባላለች። «ክሮኮዳይል» አዞ ነው፤ «ቲርስ» ደግሞ እንባ። የአዞ እንባ።

ለምን ይህችን መረጥኩ? ሦስት ሳምንት ይሆነዋል፣ ከእናንተ መካከል አንዲት እህታችን ከትምህርት በኋላ ብቻዋን ቀርታ ጠየቀችኝ። ስሟን እንዳልጠራ፣ ታሪኩን ግን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። የምትሠራው የውጭ አገር ሰዎች ቤት ነው፤ የቤቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። አንድ ጠዋት ዕቃ እያጠበች ስልኳ ጮኸ። መርዶ ነበር። እናቷ አርፈዋል።

መርዶ በእኛ አገር ሥርዓት አለው። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ነው የሚረዳው። የሚይዘው ክንድ አለ፤ አብሮት የሚጮህ ድምፅ አለ። የእሷ መርዶ የመጣው እጇ የሳሙና አረፋ ውስጥ እንዳለ ነው። እጇን እንኳ ሳታደርቅ ሳሎን ገብታ ለማዳሟ ልትነግር ሞከረች። ዓረፍተ ነገሩን አታውቀውም ነበር። «ማይ ማዘር ፊኒሽ» አለች። እናቴ አለቀች ማለቷ ነው። ሁለት ቀን እንዲፈቀድላትም ለመነች። በዚያው ሳምንት ለበዓል ፈቃድ ጠይቃ ተከልክላ ስለነበር፣ ማዳሟ ይህ ሁለተኛው ዘዴ መሰላት። ከስልኳ ቀና ሳትል «ክሮኮዳይል ቲርስ» የሚል ቃል ያለበት ነገር ተናገረችና እጇን አወናጨፈች።

እህታችን ያንን ድምፅ በጆሮዋ ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። «ክሮኮዳይል አዞ አይደለም ወይ?» አለችኝ። «ነው» አልኳት። «ቲርስስ?» «እንባ።» ዝም አለች። ላብራራላት አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ። «ገብቶኛል» አለች።

እንግሊዝኛ ስንማር ስንት አባባል አስቸግሮን ያውቃል! «ብሬክ ኤ ሌግ» ሲባል እግርህን ስበር ማለት ይመስላል፤ መድረክ ላይ ለሚወጣ ሰው የሚሰጥ የመልካም ምኞት ቃል መሆኑን ካልነገሩን በቀር አናውቀውም። ዝናቡ በረታ ለማለት ድመትና ውሻ ዘነበ የሚሉም አሉ፤ ካርቱም ለኖረ፣ ዝናብ ሳይሆን ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሰማዩን ሲያለብሰው ላየ ሰው ይህ ምኑም አይጨበጥም። የእኛስ? አንዲት ልጅ አሳዘነችኝ ለማለት «አንጀቴን በላችው» እንላለን። ይህን ቃል በቃል እንግሊዝኛ አድርጋችሁ ለማዳም ብትነግሯት ሐኪም ነው የምትጠራላችሁ።

አባባል ማለት ይኸው ነው። ቃላቱን አንድ በአንድ ብታውቋቸውም አንድ ላይ ሲሆኑ ሌላ ነገር ይሆናሉ። ባለቤቶቹ መቼ፣ ለማን፣ በምን ቃና እንደሚናገሩት ካላያችሁ በቀር መዝገበ ቃላት ብቻውን አያደርሳችሁም። እዚሁ አጠገባችን ያለውን ወንዝ ተመልከቱት። እኛ ጥቁር ዓባይ እንለዋለን። ዐረቦቹ «አን-ኒል አል-አዝረቅ» ይሉታል። መዝገበ ቃላት ስታዩ «አዝረቅ» ሰማያዊ ነው፤ እንግሊዞችም ያንን ይዘው ወንዙን ሰማያዊ ብለው ሰየሙት። ነገር ግን የሱዳን ሰው በጣም የጠቆረውንም «አዝረቅ» እንደሚል ገበያ የወጣችሁ ሁሉ ሰምታችኋል። ስለዚህ የእኛ «ጥቁር» እና የሱዳኖቹ «አዝረቅ» ብዙም አልተራራቁም፤ የራቀው ከመጽሐፍ የተወሰደው ትርጉም ነው። ቃል ብቻውን ሲሻገር ወንዝ እንኳ ቀለሙን ይለውጣል።

የአዞ እንባ ግን ሳይለወጥ የሚሻገር ቃል ሆኖ አገኘነው። በአማርኛ «የአዞ እንባ» እንላለን፤ በጋዜጣም፣ በሬዲዮም፣ በአደባባይ ንግግርም የተለመደ ነው። ዐረብኛው «ዱሙዕ አት-ተማሲሕ» ይላል። ትርጉሙ በሦስቱም አንድ ነው፤ ከልብ ያልሆነ፣ ለማስመሰል የሚፈስ እንባ። አስተማሪ ነኝና አንዲት ትንሽ ልዩነት ሳላሳያችሁ አላልፍም። ዐረብኛው አዞዎቹንም እንባዎቹንም በብዙ ቁጥር ይጠራል። እንግሊዝኛው አዞውን አንድ፣ እንባውን ብዙ ያደርጋል። አማርኛው ሁለቱንም በነጠላ ይተዋል። ያቺ እህታችን ከማዳሟ አፍ ከወጣው ሁሉ ያለ ማብራሪያ የገባት ይህ ብቻ ነበር። ሌላው የእንግሊዝኛ ስድብ ጆሮዋን ነክቶ ያልፍ ነበር፤ አታውቀውምና። ይህኛው አገሯ ድረስ የሚታወቅ ስለነበር ሌላ ቤት ሳያንኳኳ ገባ።

ለመሆኑ ይህ አባባል ከየት መጣ? አዞስ በእውነት ያለቅሳል?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ግብፅ ወርዶ ስለ ዓባይ አዞ ብዙ ጽፏል። የላይኛውን መንጋጋ ብቻ ያንቀሳቅሳል ብሎ ተሳስቷል። አፉን ከፍቶ ሲተኛ ወፍ ገብታ ታጸዳለታለች ብሏል። ስለ እንባው ግን አንድም ቃል የለውም። የጥንት ግብፆች ራሳቸው አዞን ያውቁትም ይፈሩትም ነበር፤ ሶቤክ የሚሉት የአዞ ራስ ያለው አምላክ ነበራቸው፤ በፋዩም ያመልኩት የነበረበትን ከተማ ግሪኮች የአዞ ከተማ ብለው ጠርተውታል። የዐረቦቹ «ቲምሳሕ» የሚለው ስም እንኳ ሥሩ ከዚያው ከጥንቱ ግብፅ ቋንቋ ነው። በእኛ በግዕዙ አዞ «ሐርገጽ» ይባላል።

የሚያለቅሰው አዞ በሰፊው የታወቀው ከወንዙ ርቀው በኖሩ ሰዎች መጻሕፍት ነው። በ9ኛው መቶ ዓመት የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ፎትዮስ ባሰባሰበው ጽሑፍ ውስጥ አዞ ለሚበላው ያለቅሳል የሚለው ተረት እንደሚገኝ ይነገራል። በ14ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሰር ጆን ማንደቪል በሚባል ሰው ስም አንድ የጉዞ መጽሐፍ በፈረንሳይኛ ተጻፈ። መጽሐፉ በአውሮፓ እጅግ ተነባቢ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1400 ግድም ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። በዚያ ውስጥ አዞዎች ሰው ሲበሉ እያለቀሱ ነው ተብሎ ተተረከ። የእንግሊዝ ሰው አዞ ሳያይ የአዞን እንባ አወቀ። እ.ኤ.አ. በ1563 ኤድመንድ ግሪንዳል የሚባል ጳጳስ በደብዳቤው ላይ የአንድ ሰው እንባ የአዞ እንዳይሆን ብሎ መስጋቱን ጽፏል። በዚያን ጊዜ ቃሉ አባባል ሆኗል ማለት ነው፤ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

አሁን ወደ እንስሳው እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ነገሩ የሚገርመው እዚህ ጋ ነው።

አዞ እንባ አለው። እንደ እኛ የእንባ ዕጢ አለው፤ ሦስተኛ የዐይን ቆብ የሚባል ስስ ልባስም አለው፤ እንባው ይህን ያለሰልሳል። ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ብዙ ሲቆይ ዐይኑ እንዳይደርቅ ይረዳዋል። ሲበላ ያለቅሳል የሚለውን ግን ማን አረጋገጠ? አሜሪካ ውስጥ ማልኮም ሼነር የሚባል የነርቭ ሐኪም ነበር። ፊቱ ሽባ ሆኖ የዳነ ሰው አንዳንድ ጊዜ ምግብ ሲበላ በአንድ ዐይኑ እንባ ይወርደዋል። የፊቱ ነርቭ ተጎድቶ እንደገና ሲያድግ መንገድ ይስትና ለምራቅ የታሰበው ትእዛዝ ለእንባ ዕጢው ይደርሳል። ይህን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የገለጸው ቦጎራድ የሚባል ሩሲያዊ ሐኪም ነው፤ በሕክምናው ዓለም እስከ ዛሬ የአዞ እንባ ይሉታል። በሽተኛው አላዘነም፤ አላስመሰለምም። ገበታ ላይ ተቀምጦ ያነባል፣ ያያችሁት ደግሞ ምን ነካው ትላላችሁ።

ሼነር ስለዚህ ሕመም ንግግር ሊያደርግ ሲዘጋጅ ጥያቄው መጣበት፤ አዞውስ በእውነት እየበላ ያነባል? ኬንት ቭሊየት የሚባለውን የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተመራማሪ ጠየቀ። ሁለቱ ውኃ ውስጥ ሳይሆን ደረቅ መሬት ላይ መመገብ የለመዱ የአዞ ዘመዶችን፣ አሊጌተርና ካይማን የሚባሉትን፣ መርጠው እየበሉ ቀረጿቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱን አወጡ። ከ7ቱ እንስሳት 5ቱ እየበሉ አነቡ፤ የአንዳንዶቹ ዐይን ጠርዝ ላይ አረፋ ሁሉ ታየ። ምክንያቱ ምናልባት ሲበሉ በኃይል የሚገፉት አየር በአፍንጫቸው መተላለፊያ አልፎ እንባውን ስለሚያወጣው ሊሆን እንደሚችል ገመቱ። ኀዘን የለም። ማስመሰልም የለም። አዞ ማንንም አያታልልም፤ ማታለልን የጨመርንበት እኛ ነን።

ከዚህም የባሰ የፈረድንበት ነገር አለ። የዓባይ አዞ እናት አሸዋ ቆፍራ ከ25 እስከ 80 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች፤ ሦስት ወር ያህል ጉድጓዱን ትጠብቃለች፤ በዚያ ጊዜ ብዙም አትበላም። ጫጩቶቹ ገና እንቁላል ውስጥ ሳሉ ይጮኻሉ። ድምፃቸውን ስትሰማ አሸዋውን ትምሳለች። ያልተሰበረውን እንቁላል በምላሷና በላንቃዋ መካከል አድርጋ ቀስ ብላ ትሰብረዋለች። ከዚያ ልጆቿን በአፏ ይዛ ወደ ውኃ ትወስዳለች። ያ በሬ የሚሰብር መንጋጋ ገና የተፈለፈለች ጫጩት ይዞ ይሄዳል፤ አንዲት ጥርስ አይነካትም። ሩቅ ቆመው ይህን ያዩ ሰዎች ልጆቿን በላች አሉ። እናት ልጇን ተሸክማ ስትሄድ አይተው ጨካኝ ብለው ጻፉባት።

አርባ ምንጭ የሄዳችሁ ጫሞ ሐይቅ ዳር «የአዞ ገበያ» የሚባለውን ቦታ ታውቁታላችሁ፤ አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው ተደርድረው ይተኛሉ። የጀልባው ሰው ለጎብኚ ስለ ጥርሳቸው ብዙ ይናገራል። ጫጩቶቹ በአፋቸው ውስጥ ስለሚሄዱት ጉዞ የሚያወራ ብዙ አልሰማሁም።

እንግዲህ ስለ አጠቃቀሙ እንነጋገር። ደብተራችሁን አውጡ።

እንግሊዝኛው ውስጥ ከዚህ አባባል ጋር የሚሄደው ግሥ «ሼድ» ነው፤ ዛፍ ቅጠሉን ሲያራግፍም የሚባለው ይኸው ግሥ ነው። በአማርኛ «የአዞ እንባ ማፍሰስ» ወይም «ማንባት» እንደምንለው ማለት ነው። «ክራይ» እና «ዊፕ» የሚሉትም ይገባሉ። «ቲርስ» ሁልጊዜ በብዙ ቁጥር ይሆናል፤ «ቲር» ብላችሁ በነጠላ ብታስቀሩት ጆሮ ይቆረቁራል። ሌላው፣ እኛ «የ» ብለን እንደምናገናኘው እንግሊዝኛው የባለቤትነት ምልክት አይጨምርበትም፤ «ክሮኮዳይልስ» አይባልም፤ «ክሮኮዳይል ቲርስ» ብቻ ነው። ይህን ጻፉና ቀጥሉ፤ ከባዱ ነገር ሰዋስው አይደለም።

ከባዱ ነገር ለማን ይባላል የሚለው ነው። ተረቱን መልሳችሁ አስቡት። አዞው የሚያለቅሰው ለማን ነው? ለሚበላው። የሚበላውና የሚያለቅሰው አንድ ናቸው። አባባሉ ሙሉ ትርጉሙን የሚያገኘው ይህ ሲሟላ ነው፤ ጉዳቱን ያደረሰው ሰው ራሱ ለተጎጂው ሲያለቅስ። ሰዎች ላላ አድርገው፣ ልጅ ከረሜላ ፈልጎ ሲነፋረቅም ይሉታል፤ እንግሊዝኛው ይህንን ይታገሳል። እኔ ግን ግማሹ የፈሰሰ ማድጋ ነው የምለው። አዞ ለመባል መጀመሪያ መብላት ያስፈልጋል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ከእናንተ ሕይወት ነው። ደላላ አለ። ከመተማ ማዶ ገላባት አሻግሮ፣ ገዳሪፍ አድርሶ፣ ካርቱም አስገባለሁ ብሎ ያገኘውን ብር ሁሉ ይሰበስባል። ከዚያም ወደ ሊቢያ አሻግራለሁ ብሎ ሁለተኛ ይቀበላል። ልጁ በረሃ ላይ ይቀራል። ያ ደላላ በልጁ ለቅሶ ቤት መጥቶ እናቲቱን አቅፎ «ልጄን» እያለ ቢያለቅስ፣ ያንን «ክሮኮዳይል ቲርስ» በሉት፤ ቃሉ ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም። የሠራተኛውን የወር ደመወዝ ይዞ የሚቆይ፣ ፓስፖርቱን ቆልፎበት ሲያበቃ ሠራተኛው ሲሄድበት ደግሞ «እንደ ልጄ ነበርኮ» ብሎ የሚያዝን ሰውም እዚያው ውስጥ ነው።

ያቺ ዕቃ ስታጥብ የነበረች ልጅ ማንን በላች?

ይህን ሳስብ ወደ ሼክስፒር ተመለስኩ። ኦቴሎን ፀጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል፤ ታሪኩን የምታውቁት ትኖራላችሁ። ኦቴሎ የጦር አለቃ ነው፤ ከአፍሪካ የመጣ እንግዳ፣ በሰው አገር የሚኖር። ዴዝዴሞና ሚስቱ ናት። ያጎ የሚባለው ክፉ ሰው ሚስትህ ከዳችህ ብሎ ሹክ ይለዋል። እሷ ንጹሕ ናት። ኦቴሎ ሰው ፊት በጥፊ ይመታታል፤ ታለቅሳለች። እሱም እንባዋን አይቶ አዞን ይጠራል፤ የሴት እንባ መሬት ላይ ቢወድቅ አዞ ይሆን ነበር የሚል ሐሳብ ያለው ቃል ይናገራል። ተመልካቹ ያውቃል፤ እሷ እውነቷን ነው ያለቀሰችው። የተመታ ሰው አለቀሰ እንጂ ሌላ ምን አደረገ?

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በመጨረሻው ክፍል ኦቴሎ ሊገድላት ሌሊት ወደ አልጋዋ ይመጣል። ተኝታለች። ይስማታል። ያለቅሳልም፤ እንባውም ጨካኝ እንባ መሆኑን በገዛ አፉ ይናገራል። ከዚያ አፍኖ ይገድላታል። እያለቀሰ የበላው ማን ሆነ? አዞ ብሎ የሰደበው ራሱ ነው።

ሼክስፒር ይህን ቃል ከዚያ በፊትም ተጠቅሞበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ መጀመሪያ በጻፈው በሄንሪ 6ኛ ሁለተኛ ክፍል። ንግሥት ማርጋሬት የግሎስተሩን መስፍን በአዞ ትመስለዋለች፤ በኀዘንተኛ መልኩ መንገደኛን እንደሚያጠምድ አዞ ንጉሡን ያታልላል ብላ፣ ንጉሡ ከወጣ በኋላ ለመኳንንቱ ትናገርበታለች። መስፍኑ ግን በዚያ ተውኔት ውስጥ ለንጉሡ ከታመኑት ዋናው ነው። ንግሥቲቱ ከመኳንንቱ ጋር ተማክራ ታስገድለዋለች፤ ሞቱ ሲሰማም የኀዘን መልክ የምትይዘው እሷው ናት። ሁለቱንም ጊዜ ያ ታላቅ ጸሐፊ ቃሉን የሰጠው ለተሳሳተው ሰው ነው። ሁለቱንም ጊዜ የተሰደበው እውነተኛ፣ ተሳዳቢው በላተኛ ነው። ድንገት ሆነ ብዬ አላምንም። የሰውን እንባ ሐሰት ለማለት የሚቸኩል ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸሸው አንድ ነገር አለው፤ እንባው እውነት ከሆነ እሱ የሚጠየቅበት ነገር ይመጣል። የማዳሟን ቤት አስቡት። እንባው እውነት ከሆነ ሁለት ቀን መስጠት ሊኖርባት ነው።

ስለ እንባ እኛ ምን እንላለን? አማርኛ የሐሰተኛ ስሜት ስም ጠፍቶበት አያውቅም። «ካንገት በላይ» እንላለን። ካንገት በላይ ሳቅ፣ ካንገት በላይ ፍቅር፣ ካንገት በላይ ለቅሶ። ለጆሮዬ ይህ ከአዞው የበለጠ የእኛ ነው፤ የአዞው ትንሽ ጋዜጣ ጋዜጣ ይሸተኛል። ደግሞም ይህኛው ሰውየውን አውሬ አያደርገውም። ስሜቱ አንጀቱ ድረስ አልወረደም፣ አንገቱ ላይ ቀረ ነው የሚለው። ነገ ሊወርድ ይችላል።

ለቅሶ ቤታችንንም እዩት። ሙሾ አውራጇ ተጠርታ ትመጣለች፤ ሟቹን ላታውቀው ትችላለች። ግጥም ትደረድራለች፣ ደረቷን ትደቃለች፣ ሰዉን ታስለቅሳለች። ፈረንጅ ቢያያት ተከፍሏት ታለቅሳለች ሊል ይችላል። እኛ እንደዚያ አንልም። ሥራዋ የሌላውን እንባ መክፈት ነው፤ የታፈነውን ሰው ታስተነፍሰዋለች። ጥግ ላይ ተቀምጣ ከሟቹ ቤተሰብ ይልቅ አምርራ የምታለቅስ ሴትም አትጠፋም። «የራሷን ነው የምታለቅሰው» ይባላል፤ ቀስ ብሎ፣ በአዘኔታ። ባለፈው ዓመት ልጇን ቀብራለች፤ ወይም ባሏ ከሄደበት አልተመለሰም። በሰው ለቅሶ የራሷን ታወጣለች፤ ማንም አስመሳይ አይላትም። ውኃ ያቀብሏታል። እንባ ለአንድ ሰው ብቻ እንደማይፈስ ሕዝባችን ያውቃል።

እዚህ አገር የምታለቅሱት እንባም እንደዚያው ነው። ከቀብሩ የቀራችሁ ናችሁ። እናታችሁ ሲያርፉ በቪዲዮ ያያችሁ፣ ኔትወርክ ተቋርጦ ግማሹን ያመለጣችሁ፣ አርባውን እዚህ ሖሽ ውስጥ በቡና ያወጣችሁ አላችሁ። ከአንዷ ቤት የተሰማ መርዶ አሥሩን ቤት የሚያስለቅሰው ለዚህ ነው። አሠሪ ይህንን ላያውቅ ይችላል። ሳሎኑ ውስጥ የሚያየው አንዲት ሠራተኛ ፈቃድ ስትጠይቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ይህን አባባል እናንተም ስትጠቀሙበት እንድታስቡበት እለምናችኋለሁ። እርስ በርሳችን እንወራወርበታለን፤ ሰምቻለሁ። እቁብ ያልከፈለች ልጅ ስታለቅስ «የአዞ እንባሽን ተይ» ሲባል ሰምቻለሁ። የበላችውን ገንዘብ ታውቃላችሁ? ካወቃችሁ ገንዘቡን ጠይቋት፤ እሱ መብታችሁ ነው። እንባዋን ግን ለመመዘን የሚሆን ሚዛን ማናችንም ዘንድ የለም። በእንግሊዝኛው ደግሞ ይህ ቃል የፓርላማና የጋዜጣ ቃል ነው፤ ሹመኛ ሕዝብ ላይ ጉዳት አድርሶ ሲያዝን የሚባል። ቤት ውስጥ፣ ፊት ለፊት፣ ለሚያለቅስ ሰው ከተባለ ከባድ ስድብ ነው። ሐሰተኛ ነህ ማለት ብቻ አይደለም፤ አውሬ ነህ ማለትም ነው። ኀዘን ላይ ላለ ሰው በየትኛውም ቋንቋ አይባልም። ዐረብኛውን «ዱሙዕ አት-ተማሲሕ» የሚለውንም ገበያ ውስጥ ብትሰሙት ክብደቱን እወቁት፤ ሲት አሽ-ሻይ፣ ሻይ ሻጭ ሆናችሁ መንገድ ዳር የምትሠሩ ከደንበኛም ልትሰሙት ትችላላችሁ።

ቡናው ሊቀዳ ነው መሰለኝ፤ ዕጣኑ ደረሰኝ። የጀመርኩትን ልጨርስ።

ያቺ እህታችን «ገብቶኛል» ካለች በኋላ ዝም ብላ አልሄደችም። ደብተሯን አወጣች። ማዳሟ ዘንድ ተመልሳ የምትናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ፈለገች። በመጀመሪያ «እናቴ ሞተች» የሚለውን በትክክል ጻፍኩላት፤ «ማይ ማዘር ዳይድ»። ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ በሦስተኛው ድምፅዋ ተቆረጠ። ውኃ ጠጣችና ሌላ ጠየቀች። «ያለቀስኩት ካንጀቴ ነው ልበላት» አለችኝ። አንጀት የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ብንናገር ሆዴን አመመኝ ያልሽ ይመስላታል፣ እነሱ እዚህ ቦታ ልብ ነው የሚሉት አልኳት። «ፍሮም ማይ ሃርት» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላት። ጻፈችው። ከዚያ እርሳሷን አስቀምጣ ትንሽ አሰበች።

«ጋሼ፣ ልቤ ላይ አይደለምኮ የሚሰማኝ» አለች። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «እዚህ ነው።»

አላረምኳትም። ደብተሯ ላይ «ሃርት» ከሚለው ቃል ጎን በአማርኛ «አንጀት» ብላ ጽፋ ዘጋችው።

ቡናውን እንቅመስ።